«ውሃ ምን ያደርገዋል?»

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የምትባል አባባል አለች። ስለ ውሃ ሲነሳ ተማረ ያልተማረ ሳይባል ሁላችንም የምንስማማባት ይመስለኛል። ከድሬዳዋ የገጠር ቀበሌዎች አንዷ ከሆነችው ከዋሂል ተነስቶ፣ ከከተማዋም አልፎ በቀድሞው የባቡር መስመር ወደ ምዕራብ እስከ ኤረር ፍል ውሃ የሚዘልቅ ጉልበቱን የታመመ ሰው ቢኖር፣ ዘመዶቹ የሚሸኙት «ውሃ ነው፤ ምን ያደርገዋል?» እያሉ ነው። ለመሆኑ ምን ያደርገዋል?

መጀመሪያ ጥቅሙን እንመልከት። ሰው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሲቆም እግሩ የሚሸከመው ክብደት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ እስከ አንገቱ ሲገባ ደግሞ አንድ አሥረኛው ያህል ብቻ ይቀራል። ደረቅ መሬት ላይ አልታጠፍ ያለ ጉልበት ውሃ ውስጥ የሚታጠፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሙቀቱ በበኩሉ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ የተኮማተረ ጡንቻን ያፍታታል፣ ሕመምን ለጊዜው ያስታግሳል። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ግን አንዘላት። ፍል ውሃ ያረጀን መገጣጠሚያ አያድስም።

ጉዳቱም የሚመጣው ከዚያው ከጥቅሙ ምንጭ ነው። የደም ሥር ሲሰፋ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ለግማሽ ሰዓት ተዘፍዝፎ ድንገት ብድግ ያለ ሽማግሌ ዓይኑ ጨልሞበት ሊወድቅ ይችላል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ አደጋው ይብሳል። የስኳር ሕመም እግሩን ያደነዘዘበት ሰው ውሃው ሲያቃጥለው አይሰማውም፤ ቁስሉን የሚያየው ማታ ቤቱ ሲገባ ነው። እርጉዝ ሴት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ በጣም ሙቅ ውሃ ውስጥ መቆየት የለባትም። በስምጥ ሸለቆ ካሉ ፍል ውሃዎች ብዙዎቹ ፍሎራይድ ስለሚበዛባቸው «ሆድ ያጥባል» ብሎ መጠጣቱም አይመከርም።

የአገራችን የፍል ውሃ ታሪክ ረጅም ነው። አዲስ አበባ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1886 የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ የፍል ውሃውን አካባቢ ወደውት ነው። በዚያው ዓመት ሴባስቲያን ክናይፕ የተባለ የባቫሪያ ቄስ ስለ ውሃ ሕክምና የጻፈው መጽሐፍ ታትሞ ወጣ። ቄሱ በወጣትነቱ ከያዘው የሳንባ ሕመም የዳንኩት በዳኑብ ወንዝ ቀዝቃዛ ውሃ ነው ብሎ ያምን ነበር። ዛሬ በየአገሩ «የተፈጥሮ ሕክምና» የሚባለው ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃን የማፈራረቅ ዘዴ አንዱ ሥሩ ከእርሱ ይመዘዛል። ለሳንባ ነቀርሳ ግን ፍቱን መድኃኒት የተገኘው ከወንዝ ሳይሆን ከቤተ ሙከራ ነው።

እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር ከፍል ውሃው ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው የቀዝቃዛው ጉዳይ ነው። የሰውነት ሙቀት በሁለት መንገድ ይጨምራልና። አንደኛው ትኩሳት ነው። እዚህ ሰውነት በሽታን ለመዋጋት ሙቀቱን ራሱ፣ አውቆ ከፍ ያደርጋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም መልሶ ሙቀት ያመነጫል። በጋቢ ላይ ጋቢ መደራረቡም አይበጅም። ከሁሉም በላይ ትኩሳቱ የምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ ወረርሽኝ፣ በ2022 ደግሞ የወባ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት። ለሁለተኛው ሰበብ የሆነችው በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጭምር የምትራባ የወባ ትንኝ ነበረች። ልጁን በእርጥብ ጨርቅ እያበረዱ ሁለት ቀን መሰንበት ወባን ሁለት ቀን መስጠት ነው።

ሁለተኛው የሙቀት ምት ነው። በጠራራ ፀሐይ ሲሠራ የዋለ ሰው ሰውነቱ እንደ እሳት ይግላል፣ ንግግሩ ይዛባል፣ ይወላገዳል፣ ራሱን ሊስትም ይችላል። እዚህ ሰውነት ሙቀቱን የሚቆጣጠርበት ሥርዓት ተሸንፏል፤ የትኩሳት ማስታገሻ ክኒን ምንም አይረዳውም። የሚያድነው ውሃ ነው፤ ያውም ወዲያውኑ። ወደ ጥላ ማስገባት፣ ልብሱን ማላላት፣ ገንዳ ካለ ጭንቅላቱን ደግፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር፤ ገንዳ ከሌለ የጄሪካኑን ውሃ ሰውነቱ ላይ እያፈሰሱ በነጠላ ማራገብ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን የሚጠጣ ነገር በአፉ አይሰጥም። ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ እንጂ መኪና እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠበቅም፤ ያቺ ግማሽ ሰዓት አንጎልን ታሳጣለች። በዋሂል የእርሻ ማሳ ላይ ለወደቀ ገበሬ ከከተማው ሐኪም ይልቅ ጎረቤቱ ይቀርበዋል።

ሕግ የተማረ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ቢጨምር አይከፋም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያለ ፈቃድ በሽተኛ ማከምን ሥራዬ ብሎ የያዘን ሰው ይቀጣል። በአስቸኳይ ጊዜ የተደረገን ርዳታና በደግነት የተሰጠን እንክብካቤ ግን ከዚህ ነጻ ያደርጋል። ስለዚህ ጎረቤቱ ውሃውን ያለ ስጋት ያፍስስ። በፍል ውሃው ዳር ተቀምጦ በሽተኛ እየተቀበለ «ኪኒንህን ተውና እዚህ ሰባት ቀን ተነከር» የሚለው አዋቂ ነኝ ባይ ግን በዚህ ከለላ ሥር የሚገባ አይመስለኝም።

መድኃኒት ማስጣል ያስከተለውን ጉዳት በእንጦጦ አይተነዋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ትተው በጠበል ብቻ የቆዩ ብዙ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ከሐኪም ሲሰማ የቆየው ምክር ከአባት አፍ ሲወጣ ሌላ ክብደት አለው።

የፍል ውሃ መታጠቢያዎችን የሚያስተዳድሩ አካላትም የመግቢያ ዋጋ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ አራት መስመር ቢጨምሩ ብዙ ወጪ አይጠይቃቸውም፤ የውሃው ሙቀት ስንት ዲግሪ እንደሆነ፣ ከስንት ደቂቃ በላይ እንደማይቆዩበት፣ የልብ፣ የግፊትና የስኳር ሕሙማን እንዲሁም እርጉዞች አስቀድመው ሐኪም እንዲጠይቁ፣ መድኃኒት የሚወስድም እንዳያቋርጥ። በአካባቢው በሚነገሩት ቋንቋዎች ሁሉ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ቢጻፍ ደግሞ ከዋሂልም ሆነ ከጅቡቲ የመጣው ሁሉ ያነበዋል፤ ማንበብ ለማይችለውም የበር ጠባቂው ይነግረዋል።