ኪውአር ኮድ በኮሌጅ ትምህርት

ኪውአር ኮድ ጥቁርና ነጭ ጥቃቅን ካሬዎች ተደርድረው መረጃ የሚይዙበት ምልክት ነው። የስልክ ካሜራ ሲደቀንበት ጽሑፍ ያሳያል፣ ድረ ገጽ ይከፍታል ወይም ስልኩን ከዋይፋይ ጋር ያገናኛል። በኢትዮጵያ ብዙ ሰው የተዋወቀው በቴሌብር ክፍያና በፋይዳ መታወቂያ ነው፤ በኮሌጅ ደግሞ ሞጁልን፣ ላቦራቶሪንና ወርክሾፕን ከተጨማሪ ትምህርት ጋር ለማያያዝ ያገለግላል።

የተሠራው ለትምህርት ተብሎ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1994 ማሳሂሮ ሃራ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር ዴንሶ በተባለው የመኪና ዕቃ አምራች ኩባንያ ውስጥ የመለዋወጫ ዕቃዎችን ለመቆጣጠር አወጣው። ባለ መስመሩ ባርኮድ ከሃያ ያህል ፊደልና ቁጥር በላይ ስለማይዝ በአንድ ሳጥን ላይ ብዙ ባርኮድ መለጠፍ ግድ ይል ነበር። ኩባንያው ሌላው ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት በመፍቀዱ ዓለምን አዳረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣለት።

በሦስቱ ማዕዘኖች ያሉት ትልልቅ ካሬዎች ካሜራውን አቅጣጫ ያስይዙታል፤ ወረቀቱ ቢዘቀዘቅም ኮዱ የሚነበበው በእነሱ ነው። ኮዱ ከመረጃው ሌላ መጠባበቂያ አለው፤ እንደተመረጠው ደረጃ ከ7 እስከ 30 በመቶ ያህሉ ቢበላሽ እንኳ ይነበባል። ግራሶና ዘይት በማያጣው የቴክኒክና ሙያ ወርክሾፕ ማሽን ላይ ለሚለጠፍ ኮድ ከፍተኛው ደረጃ ይመረጣል። ስፋቱ ከ21 በ21 ካሬ ተነሥቶ 177 በ177 ይደርሳል። ትልቁ ኮድ 7089 አኃዝ ይይዛል፤ በአማርኛ ሲጻፍበት ግን ስሌቱ ይለወጣል። በተለመደው የኮምፒውተር አመዘጋገብ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ይወስዳል። ስለዚህ 2953 ባይት የሚችለው ትልቁ ኮድ ከ984 የግዕዝ ፊደል አያልፍም፤ እሱም እጅግ ስለሚጨናነቅ በፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ ርካሽ ስልክ ሊያነበው ይቸግረዋል። መካከለኛው፣ 97 በ97 የሆነው ኮድ፣ 15 በመቶ መጠባበቂያ ይዞ 222 ፊደል ይችላል። ይህ ለአንድ ብያኔ ወይም ለአንድ ጥያቄ መልስ ይበቃል፤ ስልኩም ያለ ምንም ኢንተርኔት ያነበዋል። መምህራን ይህን ጥቅም ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል።

ትምህርቱ ከዚህ ሲበልጥ ኮዱ የሚይዘው ትምህርቱን ሳይሆን የሚገኝበትን አድራሻ ነው። በትንሽ ምልክት ትልቅ ነገር መጥራት በደቡብ ጎንደር ላለው ለጋይንት እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት የድጓ ምስክር የሆነችው ቤተልሔም በጋይንት ናት፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም እዚያው ነው። በድጓ ከቃሉ በላይ በደቂቁ የሚጻፉት ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደረሱ ይነገራል፤ አንድና ሁለት ፊደል ሆነው ሙሉ የዜማ ሐረግ ያስታውሳሉ። ልዩነቱ የሚጠራው ነገር የት ተቀምጧል የሚለው ላይ ነው። የድጓው ምልክት የሚጠራውን ዜማ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ይዞታል፤ ኪውአሩ የሚጠራው ቪዲዮ ግን ሩቅ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ መስመሩ ከተቋረጠ የሚከፈት ነገር የለም።

በጋይንትና በአካባቢው ከንፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ሲባል ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ቦታ ብዙ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ በኋላ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ አካባቢ አድራሻው ወደ ሩቅ ድረ ገጽ ከሚያመለክት ወደ ኮሌጁ ግቢ ቢያመለክት ይሻላል። አንድ አነስተኛ ኮምፒውተር ከዋይፋይ ማሰራጫ ጋር በቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል፤ ሞጁሎች፣ የተቀዱ ትምህርቶችና የቀድሞ ፈተናዎች ይጫኑበታል። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ጭምር ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ ያደርጋል። በር ላይ ሁለት ኮድ ይለጠፋል፤ አንዱ ስልኩን ከግቢው ዋይፋይ ጋር ያገናኛል፣ ሁለተኛው የፋይሎቹን ዝርዝር ይከፍታል። ተማሪው ዳታ መግዛት አያስፈልገውም፤ መብራት ከጠፋ ግን ኮምፒውተሩ ባትሪ ይፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ኮዱ የሚያዋጣው ዕቃው ራሱ ባለበት ቦታ ሲለጠፍ ነው። በብየዳ ማሽን ላይ ያለ ኮድ ማሽኑ እንዴት እንደሚነሣ፣ ምን መከላከያ እንደሚለበስ የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በአማርኛ ይከፍታል። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የቋንቋ ተማሪ ከምንባቡ ጎን ካለው ኮድ ንባቡን በድምፅ ይሰማል። ያንኑ ሃንድአውት በፒዲኤፍ ለመክፈት ብቻ ኮድ ማተም ግን ድካም ነው፤ ለዚያ የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃል።

ኮዱ በክፍል የተማሪ ስም ለመጥራት ሲውል ሌላ ችግር ይመጣል። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ኮድ አንዱ ፎቶ አንሥቶ ዶርም ለተኛው ጓደኛው ይልክለታል፤ በየጥቂት ሰከንዱ የሚለዋወጥ ኮድ ይህን ቢያከብደውም ፈጽሞ አያስቀረውም። የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ባለ ኮድ ላይ ሌላ ኮድ ደርቦ ተማሪን ወደ አጭበርባሪ ገጽ መምራትም ቀላል ነው፤ ስለዚህ ስልኩ ያሳየውን አድራሻ ሳያነቡ መክፈት አይገባም።

በኅትመት ጊዜ በኮዱ ዙሪያ የአራት ካሬ ያህል ነጭ ቦታ ይተዋል። እንደ ግምት መለኪያ ኮዱ ከስፋቱ አሥር እጥፍ ርቀት ላይ ይነበባል፤ ከአምስት ሜትር እንዲነበብ የተፈለገ ኮድ ግማሽ ሜትር ያህል ሊሰፋ ይገባል። በመምህሩ የግል አካውንት ላይ የተጫነ ፋይል መምህሩ ሲዛወር ይጠፋል፤ በአገናኝ ድርጅት በኩል የሚያልፍ ተለዋዋጭ ኮድም ክፍያው ሲቋረጥ ሥራ ያቆማል። ስለዚህ አድራሻው የኮሌጁ የራሱ ይሆናል። ሞጁሉ ከመባዛቱ በፊት እያንዳንዱ ኮድ በሁለትና በሦስት ዓይነት ርካሽ ስልክ ይሞከራል፤ ከሥሩም አድራሻው በአጭሩ ይጻፋል፤ ስማርት ስልክ የሌለው ተማሪ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ጽፎ እንዲከፍተው።