ያለ አስተማሪ ለፈረንሳይኛ ከፍተኛ ፈተና ስለ መዘጋጀት

ቋንቋን መማር ቤት እንደ መሥራት ነው። መሠረቱ ሲጣልና ግድግዳው ሲቆም ደስታው ብዙ ነው፤ ጣራው ላይ ሲደረስ ግን ሥራው ይከብዳል፣ ገንዘቡም ያልቃል። ፈረንሳይኛን ጀምረው እስከ መካከለኛው ደረጃ የደረሱ ብዙ ወጣቶች ከዚሁ ላይ ይቆማሉ። ለብቻ የሚያስተምር መምህር ለመቅጠር የወላጆች ኪስ አይፈቅድም፤ ለከፍተኛው ደረጃ የሚሆን ክፍልም በየሰፈሩ አይገኝም። እንግዲህ ሰው በራሱ ጥረት ተዘጋጅቶ ይህን ፈተና ሊያልፍ ይችላልን? መልሳችን «አዎን፣ ይችላል» የሚል ነው፤ ይህም የፈተናውን ጠባይ አስቀድሞ ያጠና እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ለጓደኞቻችን ይጠቅማል ያልነውን ከዚህ በታች እንገልጻለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፈተናው ምንድን ነው?

የፈረንሳይ የትምህርት ሚኒስቴር ቋንቋውን ለተማሩ የውጭ አገር ሰዎች የሚሰጣቸው ዲፕሎማዎች ዴልፍና ዳልፍ ይባላሉ። የተቋቋሙት በ1985 ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 የቋንቋን ችሎታ በስድስት ደረጃ ከፍሎ ስላወጣ፣ በ2005 ዲፕሎማዎቹም ከነዚሁ ደረጃዎች ጋር እንዲስማሙ ተደረገ። ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1ና ቢ2 የዴልፍ ሲሆኑ፣ የመጨረሻዎቹ ሲ1ና ሲ2 የዳልፍ ናቸው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በሴቭር ከተማ ያለው ፍራንስ ኤዱካሲዮን ኢንተርናሲዮናል የተባለው መሥሪያ ቤት ነው። ዲፕሎማው ጊዜ አያልፍበትም፤ ያገኘው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል። ሲ1 ያለው ተማሪም ወደ ፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሲያመለክት ሌላ የቋንቋ ፈተና አይጠየቅም።

ላገራችን ሰው ይህ ቋንቋ ከቶ እንግዳ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1917 አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ የድርጅቱ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ጣቢያውን እስከ ዛሬ «ለገሃር» የምንለውም «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም ነው። «ቢሮ» እና «ሹፌር» የሚሉት ቃላትም መነሻቸው ፈረንሳይኛ ነው። በአዲስ አበባ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ በ1907፣ ሊሴ ገብረ ማርያም በ1947 ተመሥርተዋል። ዛሬም ዋና መሥሪያ ቤቱ በከተማችን የሆነው የአፍሪካ ኅብረት ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ፈረንሳይኛ ነው። እንግዲህ ቋንቋውን በሚገባ ለሚያውቅ ወጣት በሩ የተዘጋ አይደለም።

የሲ1 ፈተና አራቱ ክፍሎች

ፈተናው አራት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም 25 ነጥብ ይይዛል።

1ኛ/ መስማት። 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። አንድ ረዥም ንግግር ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ ከራዲዮ የተወሰዱ አጫጭር ንግግሮች ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማሉ።

2ኛ/ ማንበብ። በ50 ደቂቃ ውስጥ ከ1500 እስከ 2000 ቃላት ያለው አንድ ጽሑፍ ተነቦ ጥያቄዎቹ ይመለሳሉ።

3ኛ/ መጻፍ። 2 ሰዓት ተኩል ተሰጥቶ ሁለት ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው ከተለያዩ ጽሑፎች ሐሳብ አሰባስቦ 220 ቃላት ያህል ያለው «ሲንቴዝ» ማዘጋጀት ነው፤ ሁለተኛው 250 ቃላት ያህል ያለው የክርክር ድርሰት ነው።

4ኛ/ መናገር። ተፈታኙ 60 ደቂቃ ተዘጋጅቶ፣ 30 ደቂቃ ያህል በፈታኞች ፊት ይቀርባል። መጀመሪያ በተሰጡት ጽሑፎች ላይ «ኤክስፖዜ» የሚባለውን ገለጻ ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ፈታኞቹ ይከራከሩታል።

ለማለፍ ከ100 ቢያንስ 50 ነጥብ ማግኘት ያስፈልጋል። ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ሕግ አለ፤ ይኸውም ከአራቱ ክፍሎች በአንዱ እንኳ ከ5 ነጥብ በታች ያገኘ ተፈታኝ ይወድቃል ማለት ነው። ለምሳሌ አንድ ተማሪ በመስማት 24፣ በማንበብ 23፣ በመጻፍ 22፣ በመናገር 4 ቢያገኝ ድምሩ 73 ነው፤ ቢሆንም ዲፕሎማውን አያገኝም። የመመዝገቢያው ገንዘብም፣ የብዙ ወር ድካሙም ባከነ ማለት ነው። ለብቻው የሚያጠና ሰው ደግሞ የሚወደውን ደጋግሞ መሥራት፣ የሚፈራውን መሸሽ ልማዱ ነው፤ የሚቈጣጠረው የለምና። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን፦ ጥናትህን ከደካማው ክፍል ጀምር የሚል ነው።

ጆሮን ስለ ማሠልጠን

ፈረንሳይኛ እንደ ተጻፈው አይነገርም። «ሌ» እና «አሚ» የተባሉት ሁለት ቃላት ሲገናኙ «ሌዛሚ» ይሆናሉ። «ኢልዞን» ሲባል «አላቸው» ማለት ነው፤ «ኢልሶን» ሲባል ግን «ናቸው» ማለት ነው፤ ልዩነቱ ያንዲት ድምፅ ብቻ ነው። ቍጥርም ያስቸግራል፤ 70 ለማለት «ስልሳ ዐሥር»፣ 90 ለማለት «አራት ሃያ ዐሥር» ይላሉ። ጆሮው ያልለመደ ተማሪ 92ን ከ82 ለይቶ እስኪጽፍ ድረስ ተናጋሪው ሦስት ዓረፍተ ነገር አልፎት ይሄዳል።

መድኃኒቱ በየቀኑ መስማት ነው። የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ራዲዮ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያቀርበው ዜና ለመጀመሪያው ወር ይበቃል፤ ቀጥሎ ግን ወደ ተራው የራዲዮ ውይይት ማለፍ ይገባል። በመጀመሪያ ሳይጽፉ ማዳመጥ፣ ሁለተኛ ዋናውን ሐሳብ በማስታወሻ መያዝ፣ ሦስተኛ ሁለት ደቂቃ የሚሆነውን ክፍል ቃል በቃል እንደ ዲክቴ መጻፍ መልካም ዘዴ ነው።

ስለ መጻፍ

ሲንቴዝ ማለት የእያንዳንዱን ጽሑፍ ማጠቃለያ በየተራ መደርደር አይደለም። ጽሑፎቹ በየት እንደሚስማሙና በየት እንደሚለያዩ መርምሮ፣ በአዲስ ሥርዓት አንድ ወጥ ጽሑፍ ማውጣት ነው። ሦስት ነገር ይከለከላል፤ የራስን አስተያየት ማስገባት፣ በጽሑፎቹ ውስጥ የሌለ ነገር መጨመር፣ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ መገልበጥ። በድርሰቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ እዚያ የራስን አቋም በምክንያትና በምሳሌ ማስረዳት ግዴታ ነው። የቃላትም ብዛት ይቈጠራል፤ በሁለት ክፍተት መካከል ያለው ሁሉ እንደ አንድ ቃል ይታያል።

አማርኛ ግሡን በመጨረሻ ያስቀምጣል፣ ገላጩንም ከስሙ በፊት ያመጣል። ፈረንሳይኛ ግሡን ያስቀድማል፣ ገላጩንም ሐረግ ከስሙ በኋላ ያስከትላል። ስለዚህ በአማርኛ ያሰቡትን ወደ ፈረንሳይኛ መመለስ ዓረፍተ ነገሩን ያጣምመዋል፤ የሚሻለው ከመነሻው በፈረንሳይኛ ማሰብ ነው።

«አራሚ ከሌለኝ ስሕተቴን እንዴት አውቃለሁ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የስሕተት ደብተር ይያዝ። የጻፉትን ሦስት ቀን አቈይተው እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ ያንብቡት፤ የስሙን ጾታ፣ የግሡን መስማማት፣ የአያያዥ ቃላቱን ቦታ አንድ በአንድ ይመርምሩ፤ ጥርጣሬ ሲያድርብዎ መዝገበ ቃላትና የግሥ እርባታ መጽሐፍ ይመልከቱ። ያገኙትን ስሕተት ከነማረሚያው በደብተሩ ጽፈው፣ ድርሰቱን እንደገና ይጻፉ። ዐሥር ድርሰት ጽፎ አንድም ጊዜ ካለማረም፣ አምስት ጽፎ አምስቱን ማረም ይበልጣል። ከተቻለም በወር አንድ ጊዜ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ነው።

ስለ መናገር

ለብቻው የሚያጠና ሰው ዋና ፈተናው ይህ ነው። ገለጻው ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ማንሣት፣ ቀጥሎ በሁለት ወይም በሦስት ክፍል ማስረዳት፣ በመጨረሻ መደምደም ያስፈልጋል። ከወረቀት ማንበብ አይገባም፤ ስለዚህ በማስታወሻው ላይ ዋና ዋናዎቹን ቃላት ብቻ መጻፍ ይበቃል። ድምፅን በስልክ ቀድቶ መልሶ ማዳመጥ ብዙ ጕድለት ያሳያል። ክርክሩን ግን ሰው ለብቻው ሊለማመደው አይችልም። ስለዚህ ሌላ ተማሪ ፈልጋችሁ በሳምንት ሁለት ጊዜ ተገናኙ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው እንደ ፈታኝ ሆኖ ይቃወም፤ ከዚያም ተራ ተለዋወጡ።

የጊዜ አከፋፈል

ቢ2 ደረጃ ላይ በደኅና ለደረሰ ተማሪ፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል የሚሠራበት ስድስት ወር ያህል እንዲመድብ እንመክራለን። ሁለቱ ወር ለመስማትና ለማንበብ፣ ሁለቱ ለሲንቴዝና ለድርሰት፣ አንዱ ለንግግር ይሁን፤ የመጨረሻው ወር የአዘጋጁ መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ ያወጣቸውን የናሙና ፈተናዎች ሰዓት ይዞ ለመሥራት ይዋል። መስማት፣ ማንበብና መጻፍ በድምሩ 4 ሰዓት ስለሚፈጁ፣ አእምሮ ብቻ ሳይሆን ወገብም መልመድ አለበት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በመጨረሻው ሳምንት የተሸመደደ ቃል በፈተናው ቀን አይገኝም።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። ልጃችሁ ራዲዮ ከፍቶ ሲያዳምጥ ወይም ለብቻው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ብታዩት ሥራ የፈታ አይምሰላችሁ፤ በቀን ያቺን አንድ ሰዓት ተኩል ጸጥታ ብትሰጡት ከብዙ ገንዘብ ይልቅ ይረዳዋል። መምህሮቻችንም የናሙና ፈተናዎቹን አትመው በቤተ መጻሕፍታችን ቢያስቀምጡልን፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጡትም ይጠቅማል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ የአስተማሪ መታጣት ነገሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ደካማውን ክፍል ያልሸሸ፣ ስሕተቱን በደብተር የያዘ፣ አብሮት የሚከራከር ጓደኛ ያገኘ ተማሪ ወደ ፈተናው አዳራሽ ሲገባ የሚጠብቀውን ዐውቆ ይገባል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳልና፣ ዛሬ ማታ በዐሥር ደቂቃ ማዳመጥ ጀምሩ።