ድሪቶ በሙዚየም ግድግዳ ላይ

«ድሪቶ» የተባለ እንደ ሆነ በሐሳባችን የሚመጣው ድኽነት ነው። አሮጌ ጨርቅ በአሮጌ ላይ የተጣፈበት፣ ሌላ ያጣ ሰው የሚለብሰው ነገር ማለታችን ነው። ታዲያ እንዲህ ያለው ሥራ ከታላላቅ ሥዕሎች ጋራ በሙዚየም ሊሰቀል ይገባዋልን? በአሜሪካን አገር ይህ ጥያቄ መልስ አግኝቷል፤ መልሱም ሌላ ጥያቄ አስከትሏል።

ጂስ ቤንድ በአላባማ ግዛት የምትገኝ፣ የአላባማ ወንዝ በሦስት ወገን የከበባት የገጠር መንደር ናት። ነዋሪዎቿ በጥጥ እርሻ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ጥቁሮች ተወላጆች ናቸው። ብዙዎቹ ፔትዌይ ተብለው የሚጠሩትም የእርሻው ጌታ ስም ስለ ነበረ ነው። ባርነት ከቀረ በኋላ ጢሰኞች ሆነው ስለ ኖሩ፣ ሴቶቹ ካለቀ የሥራ ሱሪ፣ ከሸሚዝና ከዱቄት ከረጢት ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፊቱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ይገጣጠማል፤ መካከሉ በጥጥ ይሞላል፤ ከሥር ገበር ይደረግና ሦስቱ ንብርብር ባንድነት ይሰፋል። ይህን የመጨረሻውን ስፌት ጎረቤታሞች በደቦ ይሠሩታል፤ የፊቱን ቀለምና ቅርጽ የምትወስነው ግን አንዲት ሴት ናት። ሚዙሪ ፔትዌይ የተባሉት ሴት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942፣ ባለቤታቸው በሞቱ ጊዜ የሥራ ልብሳቸውን ቆራርጠው የመታሰቢያ ብርድ ልብስ ሰፍተዋል። እንግዲህ እጁ የብዙ ቢሆንም ሐሳቡ የአንድ ሰው ነው።

በ1966፣ የጥቁሮች የመብት ትግል በተፋፋመበት ወራት፣ የአካባቢው ሴቶች የስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ሥራቸውም ለትልልቅ ከተሞች ሱቆች ይሸጥ ጀመር። ነገር ግን ሱቅ አንድ ዓይነት መልክ ይፈልጋልና የእያንዳንዷ ሐሳብ ቦታ አጣ።

በ2002 በሂውስተን፣ ቀጥሎም በኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም በቀረበው ኤግዚቢሽን ግን እያንዳንዱ ብርድ ልብስ ከሠሪዋ ስም ጋራ ታየ። ብዙ ሰዎች ከዘመናዊ ሥዕል ጋራ እያስተያዩ አደነቁት። ይሁን እንጂ ሴቶቹ ጥበቡን የተማሩት ከእናቶቻቸው እንጂ ከሠዓሊዎች አይደለም፤ ስለዚህ ሥዕል ስለ መሰለ ብቻ ማድነቅ ጎደሎ ምስጋና ነው።

በ2006 ዐሥር ያህሉ በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ታተሙ። በ2007 ደግሞ ሦስት ሴቶች ለብርድ ልብሶቹና ለንድፋቸው የሚገባን ዋጋ አላገኘንም ሲሉ ክስ መሠረቱ፤ ጉዳዩም በ2008 በስምምነት አለቀ።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሥራው «የሕዝብ ባህል» ብቻ ከተባለ ዋጋ የሚጠይቅ የለም፤ «የእገሊት ሥራ ነው» ከተባለ ግን መብት ይከተላል።

በእኛም ዘንድ ነጠላ ስንገዛ የሸማኔውን እጅ እናደንቃለን። ጥጡን ዳምጣ፣ አባዝታ፣ በእንዝርት የፈተለችው ሴት ግን ማን እንደ ሆነች አንጠይቅም። የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ስንጎበኝ ከዕቃው ሥር የተጻፈውን እናንብብ፤ «የባህል ልብስ» ብቻ የሚል ከሆነ፣ የሠሪዋን ስም መጠየቅ የእኛ የተማሪዎች ፋንታ ነው።