የሞተር ጆሮ፦ ከማኒፎልድ ሥር የተቀበረ ሴንሰርን ስለ መለወጥ



ሐረርን የሚያውቅ ሁሉ በጁገል ዙሪያ ይመላለሱ የነበሩትን ፔጆ 404 ታክሲዎች ያስታውሳል። በእነዚያ መኪኖች ሞተሩ ሲያንኳኳ የሚያዳምጠው የሾፌሩ ጆሮ ነበር፤ መካኒኩም ዲስትሪቢዩተሩን በጥቂቱ አዙሮ እሳቱን ያዘገየዋል። በኋላ በመጡት መኪኖች ይህን ተግባር ኖክ ሴንሰር የተባለው ክፍል ተረክቦታል።

ኳኳታ የሚፈጠረው ካንዴላው ያስነሣው ነበልባል ሳይደርስበት፣ ቀሪው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ በሙቀትና በግፊት ብዛት በራሱ ሲፈነዳ ነው። የሚነሣውን ንዝረት በሴንሰሩ ውስጥ ያለው ፒዞኤሌክትሪክ ክሪስታል ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጠዋል፤ ኮምፒውተሩም እሳቱን ያዘገያል። መስመሩ ሲቋረጥ ግን ኮምፒውተሩ መስማት ስለማይችል፣ ሞተሩን ከጉዳት ለመጠበቅ ሲል እሳቱን እንዳዘገየ ይቆያል። ያን ጊዜ ጉልበት ይቀንሳል፤ ቤንዚንም ይባክናል።

ይህን የተማርሁት በራሴ ኪሣራ ነው። ባለ 3.4 ሊትር ሞተር አሮጌ ቶዮታ ፎር ራነር ነበረኝ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስመጣ የደንገጎ ዳገት ላይ አቅም አነሳት። በመጀመሪያ ከፍታውን ወቀስሁ፤ ሐረር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳልና። ነገር ግን መኪናዬ ያንኑ ዳገት ቀድሞ በቀላሉ ትወጣው ነበር። በምርመራ የተገኘው ኮድ ፒ0325 ሆነ። አንድ ጋራዥ ማኒፎልዱን አንሥቶ ሴንሰሩን ለወጠ፤ ብዙም ሳይቆይ መብራቱ ተመልሶ በራ። ጥፋቱ ከሴንሰሩ ሳይሆን ከሥሩ ተነሥታ በሙቀት ደርቃ ከተሰነጠቀችው አጭር ሽቦ ነበር። ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ከፈልሁ።

ኮዱ የሚመሰክረው ስለ መላው መስመር እንጂ ስለ ሴንሰሩ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ከመፍታት በፊት፣ ከማኒፎልዱ ውጭ ካለው ማገናኛ እስከ ኮምፒውተሩ ያለው ሽቦ በመልቲሜትር ይለካ። እርሱ ደኅና ከሆነ ጥፋቱ ከታች ነው፤ መክፈትም ግድ ይሆናል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀል፤ የነዳጁ ግፊት ይርገብ፤ የራዲያተሩ ውኃ ይቀዳ። ማኒፎልዱ ሲነሣ ብሎን እንዳይገባባቸው የአየር ቀዳዳዎቹ በንጹሕ ጨርቅ ይደፈኑ። በዚህ ሞተር ላይ ሴንሰሮቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ከነሽቦአቸው በአንድ ጊዜ ይለወጡ፤ ጋስኬቶቹም ይታደሱ። ሴንሰሩ የሚቀመጥበት ስፍራ ይጸዳ፤ አምራቹ ባዘዘው ልክም በቶርክ መፍቻ ይጥበቅ። ከላላ ወይም ካለልክ ከጠበቀ በትክክል አያዳምጥም።

ውድ ተማሪዎች፣ ዕቃ መለወጥ ብዙ ሰው ይችላል። የእናንተ ሙያ የሚለካው ግን የትኛው ዕቃ መለወጥ እንዳለበት አስቀድሞ በማወቅ ነው። ሳይለኩ መፍታት የሰውን ገንዘብ በግምት ማውጣት ነው።