የሠፈራ ቦታ መረጣና የወቅቶች ሁኔታ

ድርቅ ደጋግሞ ያጠቃውን ቀዬ ለቅቆ አዲስ ኑሮ ለመመሥረት ለሚነሣ ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ዝናብ ያለበት አገር እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። እምነቱ ከእውነት የራቀ ባይሆንም የተሟላ አይደለም። ዝናብ የሚመዘነው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በሚጀምርበትና በሚያቆምበት ወር፣ ተከትለውት በሚመጡት በሽታዎችና ከሠፋሪው የእርሻ ልማድ ጋር ባለው ስምምነት ጭምር ነው። በመሆኑም አንድን ቦታ ለሠፈራ ተስማሚ ነው ለማለት የሚቻለው የዓመቱ ወራት በየተራ ከተመረመሩ በኋላ ብቻ ነው።

ለዚህ ታላቅ ትምህርት የሚሰጠው በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. የተካሄደው ሠፈራ ነው። በእነዚያ ዓመታት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋና በጎጃም እንዲሠፍር ተደርጓል። ብዙዎቹ ሠፋሪዎች በፈቃዳቸው አልሄዱም፤ ቦታዎቹም የተመረጡት በጥድፊያ ነበር። በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች በበሽታና በምግብ እጥረት ሕይወታቸውን አጥተዋል። ጥለው የተመለሱትም ጥቂት አልነበሩም። በለምለም መሬት ላይ ይህን ያህል ጉዳት የደረሰበት ምክንያት አንድ ባይሆንም፣ የከፍታና የወቅት ልዩነት ተገቢውን ትኩረት አለማግኘቱ ከዋነኞቹ አንዱ ነበር።

ከፍታ፣ ሙቀትና በሽታ

በአገራችን የአየር ንብረት የሚወሰነው በአብዛኛው በከፍታ ነው። በየ100 ሜትሩ ቁልቁለት የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይጨምራል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ከሆነ የወሎ ደጋ ተነሥቶ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ወደ መተከል ፓዌ የወረደ ገበሬ 8 ዲግሪ ያህል የበለጠ ሙቀት ይጠብቀዋል። ልዩነቱ በላብ ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች በመሆኑ፣ በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው በሽታውን የሚቋቋምበት የሰውነት ኃይል የለውም። ሥርጭቱ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ነው። ይህ ደግሞ ሰብል የሚጠበቅበትና የሚሰበሰብበት ጊዜ ስለሆነ፣ አባወራው በትኩሳት ከተኛ ቤተሰቡ ጤናውንም እህሉንም በአንድነት ያጣል።

ከብቶችም ከዚህ ጉዳት ነፃ አይደሉም። የቆላ ዝንብ በሚገኝባቸው የምዕራብ ወንዞች ሸለቆዎች የገንዲ በሽታ የእርሻ በሬዎችን ይጨርሳል። በጣና በለስ ፕሮጀክት እርሻው በትራክተር እንዲካሄድ የተደረገበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። በ1983 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ ሲቋረጥ ትራክተሩም በመቅረቱ፣ በሬ ማቆየት የተሳነው ገበሬ መሬቱን በመቆፈሪያ ለማረስ ተገድዷል። ስለሆነም ለአንድ ቦታ የእርሻ ዕቅድ ሲወጣ በሬ ይኖርበት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው።

የዝናቡ ወራት

በብዙ የወሎ ወረዳዎች ዝናብ ሁለት ጊዜ ይዘንባል። የበልጉ ከየካቲት ጀምሮ፣ የክረምቱ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ገበሬውም በልጉን ዘርቶ በክረምት መግቢያ አካባቢ ይሰበስባል። መተከል ግን የሚያውቀው አንድ ወጥ ዝናብ ነው፤ ይኸውም ከግንቦት እስከ ጥቅምት ገደማ የሚቆይ ነው። መጠኑ ከወሎው እጅግ ቢበልጥም በልግ የሚባል ምርት ስለሌለ፣ ጎተራ የሚጎድልባቸው ወራት ከለመዱት ይለያሉ። የእርዳታ እህል ማደያ ጊዜ በቀድሞው ቀዬ የቀን መቁጠሪያ ከተወሰነ፣ ቤተሰቡ ረኃብ በበረታበት ወር እርዳታ ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

ዝናብ ሲበዛም የራሱ ችግር አለው። በደቡብ ምዕራብ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት በሚዘልቅባቸው ቦታዎች አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ኮምጣጣ ይሆናል፤ አረም ይበረታል፤ እህል ሳይደርቅ በጎተራ ይሻግታል። በጋምቤላ ሜዳ ደግሞ ባሮ ወንዝ በክረምት መጨረሻ ሞልቶ ሲፈስ፣ በበጋ ደረቅና ለጎጆ ምቹ መስሎ የታየው መሬት በውኃ ይዋጣል። በአንዲት ወር ጉብኝት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ውሳኔ መስጠት ሣሩን አይቶ ገደሉን አለማየት ነው።

ባዶ የሚመስል መሬት

ወቅትን አለማወቅ በነባሩ ሕዝብ ላይም በደል ያስከትላል። የጉሙዝ ገበሬ መሬቱን ለጥቂት ዓመታት አርሶ እስኪያገግም ድረስ ጦም ያሳድራል። አኙዋክ ደግሞ የወንዙ ሙላት ከሸሸ በኋላ በእርጥበቱ ላይ ይዘራል። ጊዜውን ሳይጠብቅ የመጣ መርማሪ ሁለቱንም ባለቤት የሌላቸው መሬቶች አድርጎ ሊመዘግባቸው ይችላል። በመተከል እንዲህ ባለው አመለካከት የተወሰደ መሬት በሠፋሪውና በነባሩ ሕዝብ መካከል ደም ያፋሰሰ ግጭት አስነሥቷል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም በፈቃደኝነት ላይ እንዲመሠረትና ሰዎች ከክልላቸው እንዳይወጡ መመሪያ መውጣቱ ካለፈው ትምህርት የተወሰደበት እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ክልሉ አንድ መሆኑ የአየር ንብረቱን አንድ አያደርገውም። ከደጋ ወደ መተማና ቋራ ቆላ የወረደ ቤተሰብ ቋንቋው ባይለወጥበትም ሙቀቱ፣ ወባውና ካላዛሩ አዲስ ይሆኑበታል።

ሊደረግ የሚገባው

በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ቦታ የ12 ወር ሰንጠረዥ ይዘጋጅ፤ በየወሩ የዝናቡ፣ የመጠጥ ውኃው፣ የሰብሉ፣ የግጦሹና የበሽታው ሁኔታ ይመዝገብበት። አማካይ ቁጥር መጥፎውን ዓመት ስለሚሸፍን፣ የዝናቡ ታሪክ የብዙ ዓመታት ይሁን። በሁለተኛ ደረጃ ቤተሰቦቹ ራሳቸው የመረጧቸው ወንዶችና ሴቶች ቦታውን ሁለት ጊዜ ይዩት፤ አንዴ ጎርፍ በሚሞላበት በነሐሴ፣ አንዴም ምንጭ በሚደርቅበት በመጋቢት። ከነባሩ ሕዝብ ሽማግሌዎችና ውኃ ከሚቀዱ ሴቶች ጋርም ይነጋገሩ፤ አይተው ካልወደዱትም እንቢታቸው ይከበር። በሦስተኛ ደረጃ የሚስማማ ቦታ ሲገኝ ጉዞው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ በኅዳርና በጥር መካከል ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናብ ሳይጀምር ጎጆ ለመቀለስና መሬት ለመመንጠር ጊዜ ይገኛልና። አጎበርና መድኃኒት ግን የወባው ወቅት ሳይደርስ በቦታው መገኘት አለባቸው።

ይህ ሁሉ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዝግጅት ይጠይቃል። ድርቅ በገባበት ሰዓት አንድ ዓመት ረጅም መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁንና ቤተሰቡን ባለበት እየመገቡ ዓመቱን መጠበቅ፣ በማያውቀው ወቅት ላይ ጥሎ ልጆቹን እንዲቀብር ከማድረግ በእጅጉ ይሻላል።