ጫጩቶቻችን በድንገት የሚሞቱት ለምንድን ነው?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ኡልፓን ወይም ስለ ቤት ኪራይ ሳይሆን ስለ ዶሮ ነው። በሻዓራይም ግቢ ባላቸው ቤቶች ውስጥ የገቡ አንዳንድ አዲስ ቤተሰቦች ጥቂት ጫጩቶች ገዝተው ያሳድጋሉ። ደስ የሚል ነገር ነው። ሰፈሩን ከመቶ ዓመት በፊት የመሠረቱት ከየመን የመጡ አይሁዶች ናቸውና የዶሮ ጩኸት እዚያ እንግዳ አይደለም። ታዲያ ማታ ደህና ሆነው የገቡት ጫጩቶች ጠዋት ተዘርረው ሲገኙ ምን ይደረጋል? ማኅበራዊ ሠራተኛ ስለ ዶሮ ምን አገባት ትሉ ይሆናል። የሚያገባኝ፣ ዶሮው ሲሞት ጣት የሚቀሰረው ጎረቤት ላይ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ማንንም ከመጠርጠራችሁ በፊት ጫጩቶቹን ተመልከቱ። ዕድሜያቸው ስንት ሳምንት ነው? የሞቱት ትንንሾቹ ብቻ ናቸው ወይስ ትልልቆቹም ጭምር? በአንድ ሌሊት አለቁ ወይስ በየቀኑ አንድ ሁለት እየሆኑ? ኩሳቸው ምን ይመስላል? በቅርቡ ከሌላ ቦታ የመጣ አዲስ ዶሮ ገብቷል? መልሱን በወረቀት ላይ ጻፉት። የእንስሳት ሐኪሙም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

ትልቁም ትንሹም በጥቂት ቀን ውስጥ ካለቀ መጀመሪያ የሚታሰበው ፈንግል ነው። ፈንግልን የማያውቅ የገጠር ሰው በመካከላችን የለም። በጎንደር መንደሮች ፈንግል ገባ ከተባለ ዶሮ ያለው ሁሉ ሳይሞትበት ለመሸጥ ወደ ገበያ ይሮጥ ነበር፤ በሽታውም አብሮት ገበያ ይወጣና በየመንደሩ ይበተን ነበር። ብዙዎቻችን ፈንግልን የአገር ቤት በሽታ አድርገን ነው የምናስበው። ነገር ግን እዚህ እስራኤልም አለ፤ ኒውካስል ይሉታል። ስሙን ያገኘው በ1926 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አጠገብ ዶሮዎችን ከፈጀ በኋላ ነው። የታመመው ዶሮ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ አረንጓዴ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ክንፉ ይወድቃል፣ አንገቱ ይጠመዘዛል። አንዳንዱ ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ ይሞታል። ያልተከተቡ ዶሮዎች ዘንድ ከገባ አንድም ላያስቀር ይችላል።

ፈንግል የሚመጣው ከቫይረስ ስለሆነ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ አረቄ በውኃ መስጠት እናቶቻችን ያደርጉት የነበረ ነው፤ ቫይረሱን ግን አይገድልም። የሚያዋጣው ክትባት ነው። በኢትዮጵያም ቢሆን በቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የፈንግል ክትባት ያመርታል። ክትባቱ ለጤነኛ ዶሮ እንጂ ከታመመ በኋላ አይረዳም፣ እየተደጋገመም መሰጠት አለበት። በውኃ የሚሰጠው ዓይነት ከሆነ የቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎር ክትባቱን እንደሚያበላሸው እወቁ። እንዴት እንደሚዘጋጅ ሐኪሙን ጠይቁ። ርግብም ይህን በሽታ ልታመጣ ትችላለችና የጫጩቶቻችሁን ጥሬ ከርግብ ጋር አታጋሩ።

ሁለተኛው ብዙ የሚያታልል በሽታ ነው፤ ለጠብ ምክንያት ሲሆን ያየሁትም እርሱን ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት የሆናቸው ጫጩቶች ይኮማተራሉ፣ ላባቸውን ያቆማሉ፣ ደም የቀላቀለ ኩስ ይጥላሉ፣ ከዚያም ይሞታሉ። ትልልቆቹ ዶሮዎች ደህና ናቸው። በሥራዬ የማውቃት አንዲት እናት ይህ ደረሰባት። ጎረቤቷ፣ አንዲት የመናዊት አሮጊት፣ በአጥሩ ሥር የአይጥ መርዝ ታስቀምጥ ነበር። የአይጥ መርዝ ደግሞ ደም እንደሚያፈስ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሰምተዋል። ነገሩ ግልጽ መሰላቸው። ከቤተሰቡ አንዱ መርዝ ነው ሲል ሌላው የሰው ዓይን ነው አለ፤ ሁለቱም ግን የሚያሳዩት አሮጊቷን ነበር። ሰላምታ ቀረ፣ ቀጥሎ ፖሊስ ይጠራ የሚል ነገር መጣ።

የሞተው ጫጩት ሲመረመር ግን መርዝ አልተገኘም። ሐኪሙ አንጀቱን ፍቆ በማይክሮስኮፕ አየና ኮክሲዲያ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ አገኘ። ይህ ተውሳክ ከኩስ ጋር ይወጣና እርጥብ በሆነ መሬት ላይ ይበስላል፤ ጫጩት ሲጭርና ሲለቅም መልሶ ይውጠዋል፣ አንጀቱንም ያደማዋል። የዚያች ቤት የጫጩት ማደሪያ የተሠራው በግቢው ቧንቧ ሥር ነበር፣ ምንጣፉም ጭድ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። ለዚህ በሽታ በውኃ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ሐኪም ያዝዛል። ቶሎ ከተደረሰ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ጫጩቶቹን ማዳን ከአሮጊቷ ጋር ዕርቅ ከማውረድ ይቀል ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ሌሎቹን ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ እግሩን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግቶ የሚወድቅ፣ ሁለት ወር ገደማ የሆነው ዶሮ ካያችሁ ማሬክ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። ክትባቱ የሚሰጠው ጫጩቱ በተፈለፈለበት ቀን ስለሆነ በኋላ የምታደርጉት ነገር የለም። የተፈለፈሉ ጫጩቶች ማእዘን ላይ ተደራርበው ከሞቱ በርዷቸው ተፋፍገው ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት 32 ዲግሪ ያህልና ከዚያም በላይ ሙቀት ይፈልጋሉ። በተቃራኒው ሻራቭ በሚነፍስበት ቀን ጥላና ቀዝቃዛ ውኃ ካጡ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃሉ፤ ዶሮ አያልበውምና። ተነክሶ ወይም ተጎትቶ የተገኘ ከሆነ ደግሞ አይጥ ወይም ድመት ፈልጉ።

ስለ ዳቦ ግን ትንሽ ልቆይ። በዚህ አገር ሰው ዳቦ መጣል ስለማይወድ በከረጢት አድርጎ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጎን ይሰቅለዋል። እኛም አንስተን ለዶሮ እንሰጣለን። ደረቅ ከሆነ ምንም አይደለም። የሻገተ ከሆነ ግን መርዝ ነው። በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ወጣት ቱርኮች ሞተው ምክንያቱ ሲፈለግ ሻጋታ የያዘው የለውዝ መኖ ሆኖ ተገኘ። የሻገተውን ክፍል ቆርጦ ቀሪውን መስጠትም አይጠቅምም፤ መርዙ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል።

ምክንያቱ ካልታወቀ በዓይን ከመገመት ማስመርመር ይሻላል። በስልክ 106 ወደ ዒሪያው ደውሉና የከተማውን ቬተሪናር ጠይቁ። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ «ሃኤፍሮሒም ሼሊ ሜቲም ፒትኦም» በሉ፤ ጫጩቶቼ በድንገት እየሞቱ ነው ማለት ነው። ወይም መጋሸሩ እንዲደውልላችሁ አድርጉ። አዲስ የሞተውን ጫጩት በእጃችሁ ሳትነኩ በሁለት ከረጢት ጠቅልሉና በበረዶ በቀዘቀዘ ዕቃ ውስጥ አኑሩት። ፍሪዘር ውስጥ ግን አታስገቡት፤ በረዶ ሲሆን ሥጋው ይበላሽና ምርመራው ይከብዳል። የምግብ ማቀዝቀዣችሁም ቦታው አይደለም። ወዴት እንደሚወሰድ ቬተሪናሩ ይነግራችኋል። የመንግሥት የእንስሳት ሕክምና ምርመራ ማእከል የሆነው የቂምሮን ተቋም የሚገኘው ከርሖቮት ብዙም በማይርቀው በቤት ዳጋን ነው።

ብዙዎቻችሁ «ዒሪያው ከመጣ ዶሮዎቹን ይወስድብናል» ብላችሁ እንደምትፈሩ አውቃለሁ። እውነቱን ልደብቃችሁ አልችልም። ፈንግል ወይም የወፍ ጉንፋን ከተገኘ የቀሩት እንዲወገዱ ሊታዘዝ ይችላል። ነገር ግን ተላላፊ የእንስሳት በሽታ ሲጠረጠር ማሳወቅ በ1985 በወጣው የእንስሳት በሽታዎች ድንጋጌ ግዴታ ነው። መደበቅ የሚያደርሰውን ጉዳትም አስቡ። በ2021 መጨረሻ የወፍ ጉንፋን በሰሜን በሞሻቭ ማርጋሊዮት ገብቶ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ጠፍተዋል፤ በሑላ ሸለቆም በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኛ ወፎች ሞተዋል።

ሳይታረድ የሞተ እንደማይበላ ለእናንተ አይነገርም። የታመመውን ከመሞቱ በፊት ልረደው የሚለውም ሐሳብ ይቅር፤ ደሙና ላባው በሽታውን ይበትናል። ልጆች የታመመ ጫጩት እንዳያቅፉና እንዳይስሙ ከልክሏቸው፤ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ፈንግል ሰው ላይ የከፋ ነገር ባያመጣም ዓይን ያቀላል። ትኩሳት ወይም ሳል ከመጣ ወደ ኩፓት ሖሊም ሂዱና ቤታችሁ ዶሮ መሞቱን ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትመለሱ።

ማደሪያውን ስታጸዱ መጀመሪያ ኩሱንና ጭዱን ጥረጉ፣ በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ ኤኮኖሚካ በውኃ በርዛችሁ ቀቡት። ለኮክሲዲያ ግን ኤኮኖሚካ አይበቃም፤ እርሱን የሚጎዳው ድርቀትና ፀሐይ ስለሆነ ማደሪያውን ከቧንቧው አርቁትና ደህና አድርጉ አድርቁት። ሌላ ጫጩት ለመግዛት ስትሄዱ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን «ሄም ሜሑሳኒም?»፣ ማለት «ተከትበዋል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ለየትኛው በሽታና መቼ እንደተከተቡም ይጻፍላችሁ።