ከሩቅ አንድ፣ እጅ ሲገቡ ሁለት

አንድ ተማሪዬ ስልኩ ላይ ሁለት ፎቶ አሳየኝና «ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አለኝ። ሁለቱም ኤሌክትሪክ ጊታሮች ናቸው፤ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም በእንግሊዝኛዋ የቪ ፊደል ቅርጽ የተሠሩ። አንዱ የጊብሰን ፍላይንግ ቪ፣ ሌላው የጃክሰን ሮድስ ነው። መልሴን ሳይጠብቅ «ያው ናቸው እኮ፤ የዚችኛዋ አንዱ ክንፍ ረዘም አለ እንጂ» ብሎ ራሱ ደመደመው። ፎቶ ብቻ ላየ ሰው ተሳስቷል አይባልም። ጭን ላይ ሲቀመጡ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ ቪ የሚሆኑት አንገታቸው ወደ ታች ሲዘቀዘቅ ነው። እንደ ወጉ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ግድግዳ ላይ ለሰቀለው የፊደል ልጅ ጊታሩ ቪ ሳይሆን የኛው «ለ» ነው። ይህን ለተማሪዬ ነግሬው ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ስሙን «ለ ጊታር» አለው።

ታላቁ ፍላይንግ ቪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ካላማዙ፣ ሚሺጋን ከነበረው የጊብሰን ፋብሪካ ወጣ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ቴድ መካርቲ ነበር። ጊብሰን የአያቶች ጊታር ሠሪ ነው የሚለው ሐሜት አስቸግሮት ስለነበር ዘመኑን የሚመስል፣ የሚበር የሚመስል ነገር ፈለገ። እንጨቱ ሊምባ ነው፤ ምዕራብ አፍሪካ የሚበቅል ፈዛዛ ቢጫ እንጨት፣ ገበያ ላይ ኮሪና በሚል ስም የሚታወቅ። ሰው ግን አልገዛውም። በ1958 እና በ1959 ከፋብሪካው የወጡት ተደምረው መቶ አይሞሉም። ከጥቂቶቹ ገዢዎች መካከል የብሉዝ ተጫዋቹ አልበርት ኪንግና ሎኒ ማክ ነበሩ፤ ጊታሩን ከመረሳት ያተረፉት እንደነሱ ያሉ ሰዎች ናቸው። በ1967 ጊብሰን በማሆጋኒ እንጨት መልሶ አወጣው፤ ዛሬ በየመድረኩ የምናየው አብዛኛው የዚህኛው ዘር ነው።

ሮድስ የተጠራው በሰው ስም ነው። ራንዲ ሮድስ የኦዚ ኦዝቦርን ጊታሪስት ነበር። በ1980 መጨረሻ ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቻርቬል የተባለውን የጊታር ወርክሾፕ ወደሚመራው ግሮቨር ጃክሰን ሄዶ የራሱን ቪ አዘዘ። ነጭ ሆኖ ተሠራለት፤ ኮንኮርድ አሉት፣ እንደ አውሮፕላኑ። ከቻርቬል የተለመዱ ሥራዎች በጣም ስለራቀ በቻርቬል ፋንታ «ጃክሰን» የሚል ስም ተጻፈበት፤ የጃክሰን ጊታሮች ታሪክም ከዚያ ይጀምራል። ራንዲን ግን አንድ ነገር አላስደሰተውም፤ ጊታሩ አሁንም ፍላይንግ ቪ ይመስል ነበር። ሁለተኛው፣ ጥቁሩ፣ ሲሠራ ክንፎቹ ይበልጥ እንዲለያዩ ተደረገ፤ የላይኛው ረዘመ፣ የታችኛው አጠረ። መጋቢት 1982 ላይ ራንዲ ፍሎሪዳ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ገና 25 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምናገኘው ሮድስ የዚያ የጥቁሩ ልጅ ነው። እንግዲህ የተማሪዬ ጥያቄ አዲስ አይደለም ማለት ነው፤ ባለቤቱን ራሱን አስቸግሮት ነበር።

ወደ አጨዋወቱ እንግባ። ቪ ጊታር ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ መቀመጥ ነው፤ «ተቀምጦ አይጫወቱበትም» ይባላል። እውነቱ፣ እንደ ተራ ጊታር ቀኝ ጭን ላይ ካስቀመጡት ቁልቁል ይንሸራተታል፤ የሚይዘው ወገብ የለውማ። የመጀመሪያዎቹን የ1958 ጊታሮች የሠሩትም ይህ ጠፍቷቸው አልነበረም፤ ጭን በሚነካው ጎን ላይ ሽንትር ሽንትር ያለበት የጎማ ጥብጣብ ለጥፈውበታል፣ እንዳያዳልጥ። ጎማው ብዙም አይረዳም። የሚረዳው ሌላ ነው፤ ቀኝ ጭንን በሁለቱ ክንፎች መካከል ማስገባት። ያኔ ጊታሩ ጭንን እንደ ኮርቻ ይቆነጥጣል፣ አንገቱ ወደ ላይ ቀና ይላል፣ የግራ እጅ አንጓም ቀጥ ይላል። የክላሲካል ጊታር ተማሪዎች በእግር መርገጫ የሚያመጡትን አቀማመጥ ይሄ በቅርጹ ብቻ ያመጣዋል። በበኩሌ ለረጅም ልምምድ ከቪ የተሻለ አቀማመጥ አላውቅም፤ ለዚህ ጊታር የተሰጠው መጥፎ ስም የማይገባው ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱ ይለያያሉ። የፍላይንግ ቪ ክንፎች እኩል ናቸው። አልበርት ኪንግ ግራኝ ነበር፤ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ጊታር ገልብጦ፣ ክሮቹን ሳይቀይር፣ ቀጭኑን ክር ወደ ላይ አድርጎ ነበር የሚጫወተው። ተራ ጊታር ሲገለበጥ ቀንዱ ወደ ተሳሳተ ቦታ ይሄዳል፤ ፍላይንግ ቪ ግን ከየትም ቢያዩት ያው ነው። ሮድስን መገልበጥ ረጅሙን ክንፍ ታች ማድረግ ነው፤ ያ ደግሞ አያስቀምጥም። በትክክለኛው ወገኑ ሲያዝ ግን ያ ረጅም ክንፍ ሥራ አለው፤ የቀኝ ክንድ ከክርኑ ዝቅ ብሎ ያርፍበታል። ፒክ የሚይዘው እጅ ሳይንጠለጠል ይሠራል።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን፤ ፎቶ የማያሳየው ላይ። ክሮቹ ከጊታሩ ራስ ሥር ካለችው ነት ከምትባል ቁራጭ ተነሥተው አካሉ ላይ ባለው ብሪጅ እስኪያርፉ ያለው ርዝመት በፍላይንግ ቪ 628 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በሮድስ 648 ገደማ ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ምን ያደርጋል? መጀመሪያ፣ ፍሬቶቹ፣ አንገቱ ላይ የተተከሉት የብረት መስመሮች፣ ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ፍሬት ስፋት በአጭሩ 35 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በረጅሙ 36 ያህል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ለብቻዋ ምንም አይደለችም። አራት ጣት በአራት ፍሬት ዘርግተው ሲይዙ ግን ልዩነቱ ወደ አራት ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ አጭር ጣት ያለው ሰው ትንሿ ጣቱ ላይ ይሰማዋል። ወደ ላይ፣ ወደ 20ዎቹ ፍሬቶች ሲወጡ ልዩነቱ የፀጉር ያህል ይሆናል፤ እዚያ እንዲያውም ለትልቅ ጣት የሮድሱ ይሻላል።

ሁለተኛውና ትልቁ ውጥረቱ ነው። ክራር ቃኝቶ የሚያውቅ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ ያንኑ ክር ሲያጠብቁት ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። ክሩ ከረዘመ ደግሞ ድምፁ ስለሚወፍር ያንኑ ድምፅ ለማግኘት የበለጠ ማጥበቅ ግድ ነው። ስሌቱ በርዝመቱ ካሬ ስለሚሄድ ከመቶ 3 የምትሆነው የርዝመት ልዩነት በውጥረት ወደ ከመቶ 6 ታድጋለች። ባለ 10 የሚባለውን የክር ስብስብ ብንገጥምና በተለመደው ቅኝት ብንቃኝ፣ የመጨረሻዋ ቀጭን ክር በፍላይንግ ቪ ላይ 6.9 ኪሎ፣ በሮድስ ላይ 7.3 ኪሎ ያህል ትስባለች። ስድስቱም ተደምረው 44 እና 47 ኪሎ አካባቢ ነው።

ይህን በወረቀት ከማንበብ ይልቅ ትዝታ ሜጀር ይጫወቱበት፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከሚ ወደ ሶል የሦስት ፍሬት ዝላይ አለ። ያንን ዝላይ ጣትን ሳያነሱ፣ ሚ ላይ ይዘው ክሩን ወደ ላይ እየገፉ፣ ድምፁ እያለቀሰ ሶል እስኪደርስ ይሳቡት። በፍላይንግ ቪ ላይ ሁለት ጣት ይበቃል። በሮድስ ላይ ሦስተኛ ጣት ለእርዳታ ይጠራል፣ ጀማሪ ከሆኑ ደግሞ ሶል ሳይደርሱ ይቀራሉ፤ ትንሽ የጎደለ ሶል ደግሞ በትዝታ ውስጥ ወዲያው ይጋለጣል። ታዲያ ረጅሙን ማን ይፈልገዋል ቢሉ፣ ወፍራሞቹን ክሮች በፍጥነት የሚመታ ሰው ይፈልገዋል። ሜታል የሚጫወቱ ሰዎች ቅኝቱን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ዝቅ ያለ ክር በአጭር ጊታር ላይ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ይረግባል፣ በረጅሙ ላይ ግን ቀጥ ብሎ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሮድስ የጠነከረበት ሰው ቀጠን ያለውን ባለ 9 ክር ይግጠም። ጊታር ከመቀየር ክር መቀየር ይረክሳል።

አንገቱ ላይም ወሬ አለ። የጊታር አንገት ክሮቹ ያሉበት ፊት ጠፍጣፋ አይደለም፤ እንደ በርሜል ጎን ጎበጥ ያለ ነው። ፍላይንግ ቪ ላይ ጉብጠቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፣ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ካለው በርሜል ላይ የተቆረጠ ያህል። ሮድስ ላይ በራሱ በኩል ያንኑ ያህል ሆኖ ይጀምርና ወደ አካሉ ሲወርድ አርባ ሳንቲ ሜትር ወዳለው፣ ማለትም ይበልጥ ወደ ጠፍጣፋው ይሄዳል። ጎበጥ ያለው ኮርድ ለሚይዝ መዳፍ ይመቻል። ጠፍጣፋው ላይ ደግሞ ክሮቹን ለፍሬቱ በጣም ማቅረብ ይቻላል፤ ክሩ ሲሳብ ጉብጠቱን አቋርጦ ሌላ ፍሬት ላይ ተደግፎ አይታፈንም።

የአንገቱ መጋጠሚያ ሌላ ነው። ፍላይንግ ቪ ላይ አንገቱ ለብቻው ተሠርቶ አካሉ ውስጥ ገብቶ በማጣበቂያ ይጣበቃል። ዋናዎቹ የሮድስ ሞዴሎች ላይ አንገቱ አንድ ወጥ እንጨት ሆኖ ከራሱ እስከ ጊታሩ ጭራ ይዘልቃል፤ ክንፎቹ ግራና ቀኝ ይለጠፉበታል። መዳፍ ወደ 22ኛው ፍሬት ሲወርድ የሚጋጨው ጉብታ የለም። ርካሾቹ የሮድስ ሞዴሎች ግን በብሎን የታሰረ አንገት ስላላቸው ይህ ውዳሴ እነሱን አይመለከትም፤ ሲገዙ ጀርባውን ገልብጦ ማየት ነው። ያም ሆኖ የቪ ቅርጽ ራሱ አንገቱ ሥር ትከሻ የሌለው ስለሆነ፣ ለላይኞቹ ፍሬቶች ፍላይንግ ቪም ከብዙ ተራ ጊታሮች ይበልጣል።

ብሪጁን በሚመለከት አዳልቼ እናገራለሁ። ፍላይንግ ቪ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የማይነቃነቅ ብሪጅ አለ። ብዙዎቹ ሮድሶች ላይ ፍሎይድ ሮዝ የተባለው፣ በስፕሪንግ የሚንሳፈፍና እጀታ ያለው ዓይነት ይገጠማል። እጀታውን ተጭነው ድምፁን ወደ ገደል ሲለቁት ደስ ይላል፤ ነት ላይ ክሮቹ በብሎን ስለሚቆለፉ ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላም ቅኝቱ ይመለሳል። ዋጋው ግን አለ። አንድ ክር ሲስቡ ብሪጁ ራሱ ወደፊት ያዘነብላል፣ የሌሎቹ ክሮች ድምፅ ይወርዳል፤ ቅድም ያልነው ሶልም ይበልጥ ይርቃል። ከትዝታ ወደ ሌላ ቅኝት ለመሄድ አንድ ክር ዝቅ ማድረግ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ነገሩ ቅጣት ነው፤ ቁልፉን በመፍቻ ፈትቶ፣ አንዱን ቃኝቶ፣ አምስቱ ሲዛቡ እነሱን አስተካክሎ፣ እንደገና አንደኛውን። ሠርግ ቤት ውስጥ ዘፋኙ ማይክሮፎን ይዞ እየጠበቀ ይህን የሞከረ ሰው አይደግመውም። እኔ አልደገምኩትም።

በጊታሩ ራስ በኩል ግን የምወቅሰው ፍላይንግ ቪን ነው። መቃኛዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ክሮቹ ነት ላይ ወደ ጎን ይታጠፋሉ፣ እዚያም ይያዛሉ፤ ሲቃኙ ቀጥ ብለው ቆይተው ድንገት ጠብ ይላሉ። የእርሳስ ጫፍ ነቱ ጎድጓዳ ውስጥ ማሸት ብዙ ጊዜ ያድነዋል። ሮድስ ላይ ስድስቱም በአንድ ወገን ተሰልፈው ክሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ሁለቱን ለማነጻጸር ሲሞክሩ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ያረጋግጡ፤ ሁለቱም ላይ ያንኑ ክር ይግጠሙ፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከፍሬቱ ያለውን ከፍታም ያቀራርቡ። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል የሆነውን ጊታር ሦስት ሚሊ ሜትር ከሆነው ጋር አወዳድሮ ስለ ብራንድ የሚፈርድ ሰው የሚፈርደው ስለ ብሪጅ ብሎን ነው።

ከተማሪዬ ጋር በመጨረሻ ሁለቱን ጊታሮች ከጓደኞች ለአንድ ቅዳሜ ተዋስን። ክሩንና ከፍታውን አስተካክዬ፣ ዓይኑን በነጠላ አስሬ፣ ጭኑን በክንፎቹ መካከል አስገብቶ እንዲቀመጥ አድርጌ አንዱን ሰጠሁት፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላውን። የቱ የቱ እንደሆነ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። የግራ እጁን እያየሁ ነበር፤ ስለ ፍሬቱ ስፋት ወይም ስለ ሶሉ እስኪናገር ጠበቅሁ፣ ትንፋሼን ይዤ። እሱ ግን ሁለተኛውን ጊታር ይዞ ሁለት ደቂቃም ሳይሞላ ግራ እጁን ክሮቹ ላይ ሳያሳርፍ «ይሄ ሮድስ ነው» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«ክንዴን የማሳርፍበት አለዋ፣ ጋሼ።»